«እኔን ነው የምትፈትሸው?» የአንድ ሠርግ በር ጉዳይ

የጽዳት ሠራተኛዋ ስትመጣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። መወልወያዋን አልያዘችም። መጀመሪያ ያስተዋልኩት እሱን ነው። «ወንዶች ሽንት ቤት የሆነ ነገር አለ፤ እኔ አልነካሁትም» አለችኝ። አብረን ሄድን። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ፣ የውኃ ሳጥኑ ክዳን ላይ፣ በነጭ መሀረብ የተጠቀለለ ሽጉጥ ተቀምጧል። ጥይት ጎርሷል።

ግቢው ውስጥ ወደ 600 ሰው አለ። ግማሹ እስክስታ ላይ ነው። ሕፃናት በወንበሮች መሀል ይሯሯጣሉ። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆመን ስንፈትሽ ነው የዋልነው።

ያኔ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የሠርግና የዝግጅት ግቢ የጥበቃ ሺፍት ኃላፊ ነበርኩ። ስሙን ትቼዋለሁ፤ ጥፋቱ ደግሞ የኔም ስለሆነ ስም መጥራቱ አያምርብኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነ ነው። አዲስ ጥበቃዎችን ሳሠለጥን ዛሬም የምጀምረው ከዚያ ቀን ነው።

ጥር ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ። ባሕር ዳር የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ከተማው ሠርግ በሠርግ ነው። ጡሩምባው ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ ይሰማል። ሙሽሮች ለፎቶ ሐይቁ ዳር ተራ ይጠብቃሉ። የዚያ ቀን ሙሽሪት የከተማ ልጅ ናት። የወንዱ ወገን ግን ከመራዊና ከዳንግላ በኩል በሦስት አውቶቡስ ነው የመጣው። አባቶች ኩታ አጣፍተው፣ ዱላ ይዘው። አንዳንዱ ወገቡ ላይ ሌላም ነገር አለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ለጎጃም ገበሬ መሣሪያ ምን እንደሆነ ለከተማ ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። ከአባት የወረሰው ነው፤ ማሳውን የሚጠብቅበት ነው፤ ሠርግ ላይ ደግሞ እንደ ኩታው ሁሉ ከጌጡ ይቆጠራል። «አውልቅ» ስትለው ጫማህን አውልቅ ያልከው አይመስለውም። በሌላ በኩል ሰኔ 15 ቀን 2011 የክልሉ መሪዎች እዚሁ ከተማ ውስጥ ከተገደሉ ወዲህ በር ላይ መፈተሽ ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ2012 ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃድ ያለው ሰውስ ሠርግ ሲመጣ ሽጉጡን የት ያስቀምጠው? የእኛ ግቢ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ማንም ጠይቆንም አያውቅም ነበር።

በሩ

ግቢው ወደ አስፋልቱ የሚወጣ አንድ ትልቅ የብረት በር አለው። ከኋላ ሐይቁ ነው። በሩ ላይ ሦስት ወንድ ፈታሾችና አንዲት ሴት መደብኩ። ወንዶቹ በሁለት ሰልፍ፣ ሴቶቹ በአንድ። በእጅ የሚያዝ መፈተሻ፣ እኛ «ማሽን» የምንለው፣ አንድ ብቻ ነበረን። እሱንም ለወንዶቹ ሰጠኋቸው። ለምን ብትሉኝ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። መሣሪያ የሚይዘው ወንድ ነው ብዬ ይሆናል።

ማሽኑ ከማለዳ ጀምሮ ይጮኻል። ሰው ሲመጣ ይጮኻል፣ ሰው ሲሄድ ይጮኻል፣ ማንም ሳይኖር ይጮኻል። ፈታሾቹ ልጆች «ተበላሽቷል» ብለው ድምፁን መስማት ተዉ። በኋላ ነው የገባኝ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ብረት ሲቀርበው መስኩ ይረበሻል፤ ይጮኻል። ሰልፉ የቆመው ከብረት በሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ፈታሹ እጁን ዘርግቶ የእንግዳውን ጀርባ ሲያልፍ ማሽኑ የሚያየው በሩን ነው። ደህና የሆነውን ማሽን ውሸታም አደረግነው። ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ብንገባ ያልቅ ነበር።

ደግሞም ማሽን ሁሉን አያይም። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ አረቄ አያይም። ያን ቀን ስንት ሃይላንድ አረቄ እንደገባ የሚያውቀው የጨፈረው ሰው ብቻ ነው።

ዱላውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። አንዱ ልጅ የአንድ ሽማግሌ ዱላ ተቀበለ። ሽማግሌው «እንግዲያው ተሸከመኛ!» አሉት። ሰልፉ ሳቀ፤ ልጁ መለሰላቸው። ትክክል ነበር። ሽማግሌ ዱላውን ተነጥቆ በሣር ላይ እንዲሄድ ማድረግ ፍተሻ አይባልም። ግን ውሳኔው የልጁ እንጂ የእኛ መመሪያ አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው የ25 ዓመት ጎረምሳ ዱላ ይዞ ሲመጣም ያው አለፈ።

አያ

7 ሰዓት ላይ የወንዱ ወገን ታላቅ መጡ። የሙሽራው አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። እዚህ አያ እላቸዋለሁ፤ ሁሉም የሚጠራቸው እንደዚያ ነበር። ነጭ ኩታ፣ ካኪ ኮት፣ ኮቱ በቀኝ ወገናቸው በኩል ትንሽ አበጥ ብሏል። ልጁ አይቶታል። እኔም አይቼዋለሁ።

«አባቴ፣ ይቅርታ፣ እጅዎን ቢዘረጉልኝ» አላቸው ልጁ። አነጋገሩ ላይ እንከን አልነበረም።

አያ ዝቅ ብለው አዩት። «እኔን ነው የምትፈትሸው?»

«ሁሉም ይፈተሻል አባቴ።»

«እኔ ልጄን ልድር ነው የመጣሁ። ልሰርቅ ነው የመጣሁ?»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። ከኋላቸው ያሉት ሰዎች ዝም አሉ። ከሴቷ ወገን አንድ ጎልማሳ ሮጦ መጣ፤ «እኔ ዋስ ነኝ፣ እባካችሁ አታዋርዱን» አለ። ሌላው ስልክ አወጣ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የኔ ስልክ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። «እሳቸውን አስገባቸው። ሠርግ ነው፣ አታበላሽ።»

አስገባኋቸው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለኝ ነበር፤ ለብዙ ጊዜም እንደዚያ አስብ ነበር። አሁን ግን አያን ማሳለፌ ከሁሉም ትንሹ ጥፋት ይመስለኛል። ትልቁ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ሰው ነው። ቀጥሎ ያለው ሰው እጁን አልዘረጋም። ለምን ይዘርጋ? ከመፈተሹ በፊት ለአያ እጅ ነስቶ ዝም ብሎ ተከተላቸው። የሱም ቀጣይ እንደዚያው። ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ስልኬ ዞርኩ። ሠላሳ ሰው ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ እንደ አንድ ሰው ገባ።

የሴቶቹ ሰልፍ

በዚያው ሰዓት የሴቶቹ ሰልፍ አስፋልቱ ላይ ደርሶ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቀድሜ ያልሠራሁት ግን ስንፍና ነው። ሴት እንግዶች 300 ገደማ ናቸው። አንዲት ፈታሽ አንዷን በ30 ሴኮንድ ብትጨርስ፣ ይህ ፈጣን የሚባል ነው፣ በደቂቃ ሁለት ሰው ነው። ሦስት መቶው ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ምሳ የሚቀርበው 7 ሰዓት ተኩል ነው።

ሠርግ ላይ ደግሞ ሴት በ30 ሴኮንድ አትፈተሽም። ነጠላው አለ። የሀበሻ ቀሚሱ አለ። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ አለ። የብር መስቀል፣ የወርቅ ሐብል፣ የፀጉር ሽቦ አለ። ቦርሳ ውስጥ ቦርሳ አለ። ፈታሿ ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ እያንዳንዷን «እትዬ፣ እህቴ» እያለች በሥርዓት ትጀምራለች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ላብ በላብ ሆነች። በሠላሳኛው ደቂቃ ቦርሳ ብቻ ታይ ነበር። በአርባኛው ቦርሳው መከፈቱን ብቻ።

ፀሐዩ ከረረ። አንዲት እናት «ልጄ በፀሐይ ሊሞትብኝ ነው!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው። ሰልፉ ተገፋፋ፣ አንዱ የበሩ ክንፍ ወለል ብሎ ተከፈተ፣ ፈታሿ ወደ ጎን ተገፋች። ከዚያ በኋላ የገባውን ማንም አልቆጠረም። ሴት ብቻ አይደለም የገባው፤ በሴቶቹ በኩል ወንዶችም ገብተዋል።

እኔ በዚያ ሰዓት የወንዶቹን በር ይዤ ስከራከር ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

ሽጉጡ የማነው?

ወደ ምሽቱ እንመለስ። ሽጉጡን አልነካንም። የሽንት ቤቱን በር ዘግተን አንድ ልጅ አቆምንበት፤ «ውኃ ተቋርጧል» በል አልነው። ለፖሊስ ደወልኩ። ሥራ አስኪያጁ ማይክ ላይ ወጥቶ «ንብረት የጠፋበት» እንዲል ፈልጎ ነበር። እምቢ አልኩ። 600 ሰው ባለበት፣ አረቄ በገባበት፣ «ሽጉጥ ተገኝቷል» የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ ማንም አያቆመውም። ያን ቀን ካደረግሁት ሁሉ የማልቆጭበት ይህ ብቻ ነው።

ሁላችንም ያሰብነው አያን ነው። ኮታቸው ያበጠ፣ አልፈተሽም ያሉ፣ በስልክ የገቡ። ሌላ ማን ሊሆን? ከፖሊሱ ጋር ወደ ጠረጴዛቸው ሄድን። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። አያ ኩታቸውን በቀስታ ገለጥ አደረጉ። ሽጉጣቸው አለ፤ ከነአፎቱ፣ ከነቁልፉ። ፈቃዱን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተጣጥፎ። «የኔ ከወገቤ አልወረደም» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝና ሌላ ምንም አላሉም። ያን ዕለት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ባለቤቱን ያገኘነው በአያ አይደለም፤ በር ላይ ባቆምነው ልጅ ነው። «ውኃ የለም» እየተባለ አንድ ወጣት ሦስቴ ተመለሰ። ሌሎቹ አንዴ መጥተው ወደ ሌላው ሽንት ቤት ሄደዋል። ይህ ግን ይመለሳል፣ ይቆማል፣ ያልበዋል። ፖሊሱ ለብቻው ወሰደው። የአያ የእህት ልጅ ነው። ሱሪው ጠባብ ሆኖበት ሲቀመጥ ሽጉጡን አውጥቶ አስቀመጠው፤ ጓደኞቹ «ሙሽራው ወጣ!» ብለው ሲጠሩት ረስቶት ሮጠ።

እንዴት እንደገባ ጠየቅነው። «ከአያ ኋላ ነው የገባሁት» አለ። «ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እሰጥ ነበር።»

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ልጁ ምንም አልደበቀም። ቢጠየቅ ይሰጥ ነበር። ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም ለውጥ አልነበረውም፤ እሱ ላይ ማንም ማሽን አልዘረጋም። ፖሊስ ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተከታተልኩም።

በነጋታው ግቢውን ስንዞር ሌላም ነገር ታየ። ሚዜዎቹና ካሜራማኖቹ ከፎቶ ሲመለሱ በጀልባ ነው የመጡት። በሐይቁ በኩል፣ በእንጨቱ መውረጃ፣ አሥራ ሁለት ሰው። እዚያ ፈታሽ አልነበረም፤ «በዚያ በኩል ሐይቅ ነው ያለው» እንል ነበር። ለጣና ልጅ ሐይቅ አጥር ነው ብሎ ማሰብ ምን ዓይነት ሞኝነት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከዚያ በኋላ

መጀመሪያ ያስተካከልነው የገዛ ጭንቅላታችንን ነው። እኛ ፖሊስ አይደለንም። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰው በአካሉና በንብረቱ ላይ ከሚደረግ ምርመራ የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። የግቢ ጥበቃ ማንንም አስገድዶ መፈተሽ አይችልም። ያለው ሥልጣን አንድ ነው፤ ያልተፈተሸን አለማስገባት። ስለዚህ ክርክር የለም። «አባቴ፣ እርስዎ ካልፈለጉ እኔ አልነካዎትም፤ ግን መግባት አይችሉም ለማለት እገደዳለሁ» ማለት ይቻላል። ሴት በሴት የሚለው ጉዳይም የባህል ብቻ አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 32 ፖሊስ እንኳ የያዘውን ሰው ሲፈትሽ ፈታሹ ከተፈታሹ ጋር አንድ ፆታ እንዲሆን ያዛል። ለእኛማ ይብሳል።

አፈታተሹንም ከሀ ጀመርን። ከመንካት በፊት ጥያቄ፦ «ስለት፣ መሣሪያ፣ የሚወጋ ነገር ይዘዋል?» ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይናገራል፤ የአያ የእህት ልጅ ምስክር ነው። ቦርሳ የሚከፍተው ባለቤቱ ነው፣ ፈታሹ ያያል እንጂ እጁን አይከትም። ከላይ ወደ ታች፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል፤ አንገት፣ ብብት፣ ወገብ ዙሪያውን፣ የጀርባ ሥር፣ ቁርጭምጭሚት። ልጆቹ ከሁሉም የሚዘሉት የጀርባውን ሥር ነው፤ ያፍራሉ። በእጅ መዳፍ ሳይሆን በእጅ ጀርባ ማለፍ ያን እፍረት ይቀንሰዋል። ኩታና ጋቢ ባለቤቱ ራሱ ገለጥ ያደርገዋል። የማሽኑ ባትሪ ጠዋት ጠዋት ይታያል፤ ከብረት በሩም ሦስት እርምጃ ርቆ ይሠራል።

የሴቶቹ ሰልፍ ላይ አሁን ለሠርግ ሦስት ፈታሽ እናቆማለን። አንዷ ከእንግዳ መቀበያ የምትመጣ ናት፤ ሥልጠናውን ወስዳለች። ልጅ ያዘለች እናት ከሰልፉ ወጥታ ጥላ ሥር ትፈተሻለች፣ ልጁን ሳታወርድ። በጀልባ መውረጃው ላይም ሰው አለ። እነዚህ ሁሉ ገንዘብና ወንበር ናቸው፤ ቀላል ናቸው።

ከባዱ አያ ነበሩ። አያን ማን ይፈትሻቸው? ብዙ ተከራከርን። ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ «እንግዳ አታስቀይም» የሚል ሰው ነው፤ እሱም ተሳስቷል ማለት አልችልም። በመጨረሻ መልሱ ከአንድ ሽማግሌ መጣ፤ ሌላ ሠርግ ሊዋዋሉ መጥተው ነገሩን ስናጫውታቸው። «ታዲያ ትልቁን መጀመሪያ ፈትሹ» አሉን። «ትልቅ ሰው በሰው ፊት ሲለመን ነው የሚቆጣው። ቀድሞ ቢነገረው ራሱ በር ላይ ቆሞ ያስፈትሽላችኋል።»

አሁን ውል ስንዋዋል ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሽማግሌ ስማቸው ይጻፋል። ከእንግዳው አንድ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። ማንም ከመፈተሹ በፊት እነሱ በአደባባይ ይፈተሻሉ። ከዚያ ወንበር ይሰጣቸዋል፣ በሩ ዳር ይቀመጣሉ። «እኔን ነው?» የሚል ሲመጣ የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ለትልልቅ ሠርግ ፖሊስ እንዲመደብ አስቀድመን እንጠይቃለን። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ከመጣ የሚረከበው ፖሊሱ ነው። ይመዘግባል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ሲወጡ ይመልሳል። እኛ አንነካውም። ሥራ አስኪያጁም በየጠዋቱ ሲገባ ይፈተሻል። መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር፤ አሁን ሳይጠየቅ ቁልፉን ሳህኑ ላይ ያደርጋል።

ሁሌ አልሠራም። አንድ ደጋሽ ውሉን አንብቦ «ሽማግሌ በር ላይ አስቀምጬ እንግዳዬን አላስበረብርም» ብሎ ቀብዱን ተቀብሎ ሄደ። ሠርጉን ሌላ ቦታ ደገሰ። ጥሩ ሠርግ ነበር አሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተመዳቢው ፖሊስ ሳይመጣ ቀርቶ አራት ሰው ሽጉጡን ዘመድ ቤት አስቀምጦ እንዲመለስ ለመንን፤ ሁለቱ ተመለሱ፣ ሁለቱ ተቀይመው ቀሩ። የሽማግሌዎቹም ወንበር ከ8 ሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ ምሳ አለ፣ ጠጅ አለ፣ ማን በር ላይ ይቀመጣል? ከዚያ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ለእኛ ለልጆቹ ነው የሚቀረው።

አያን አንድ ጊዜ መራዊ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው። አወቁኝ። ስለ ሽጉጡም ስለ ሠርጉም አላነሱም። «ያች ልጅ ደህና ናት?» አሉኝ። ማንን እንደሆነ አልገባኝም። «ያገኘችው» አሉ። «ደንግጣ ነበር እኮ።»

ደህና ናት። ሥራዋ ላይ ናት። ወንዶቹ ሽንት ቤት ስትገባ ግን ዛሬም በየክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ የውኃ ሳጥኖቹን ክዳን አይታ ነው መወልወያዋን የምታነሳው።